በረዶ በያዘው መንገድ ላይ መኪና ለምን አይቆምም?

በየዓመቱ የመጀመሪያው በረዶ በጣለ ማግስት ተመሳሳይ ምስሎች ይሠራጫሉ። ፈጣን መንገድ ላይ አንዱ በሌላው ላይ የተከመሩ መኪኖች፣ ጎማው መዞሩን አቁሞም ቁልቁል የሚንሸራተት አውቶቡስ፣ ቦይ ውስጥ የገባ ፎር ባይ ፎር። ክርክሩም አብሮ ይመጣል። አንዱ ጎማ ያልቀየሩትን ይወቅሳል። ሌላው ጨው በጊዜ ያልበተነውን የመንገድ መሥሪያ ቤት ይከሳል። የዘመኑ መኪና በኮምፒውተር ስለሚታገዝ ይህን ያህል መጨነቅ አያስፈልግም የሚልም አይጠፋም።

ሁሉም የሆነ ያህል እውነት ይዘዋል፤ ነገር ግን ሁሉንም የሚያገናኘው ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። መኪናን የሚያስነሳው፣ የሚያዞረውና የሚያቆመው ጎማው መንገዱን የሚይዝበት ኃይል ነው። የዚህን ኃይል ጣሪያ የሚወስኑት የመንገዱ ገጽና ጎማው ናቸው። ሞተሩ፣ ፍሬኑ፣ ኮምፒውተሩና አሽከርካሪው ከጣሪያው ሥር ያለውን ይከፋፈላሉ እንጂ ጣሪያውን ከፍ ማድረግ አይችሉም። በብርድ ወራት የሚታየው አብዛኛው የተሳሳተ ውሳኔ የሚመጣው እነዚህን ሁለቱን ከማምታታት ነው።

በዚህ ጽሑፍ «በረዶ» ሲባል ከሰማይ የሚወርደው ነጩ፣ «ግግር» ሲባል ደግሞ መንገድ ላይ ረግቶ እንደ መስታወት የጠጠረው ውሃ ነው። ሁለቱ ለጎማ አንድ አይደሉም።

ለመቆም ስንት ሜትር ያስፈልጋል?

ሰበቃ ማለት የተነካኩ ሁለት ገጾች አንዱ በሌላው ላይ እንዳይንሸራተት የሚገታ ኃይል ነው። መጠኑ በአሃዝ ይገለጻል፤ አሃዙ ባነሰ ቁጥር መንገዱ ያዳልጣል። ለስሌት ያህል ለደረቅ አስፋልት 0.7፣ ለእርጥብ አስፋልት 0.5፣ መኪና ለጠቀጠቀው በረዶ 0.2፣ ለግግር 0.1፣ ላዩ ውሃ ላዘለ ግግር 0.05 መያዝ ይበቃል። ትክክለኛው መጠን እንደ ጎማውና እንደ ሙቀቱ ከፍና ዝቅ ይላል።

ሜዳ ላይ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፍሬኑ ከተያዘበት ቅጽበት አንሥቶ ደረቅ አስፋልት ላይ በ14 ሜትር ይቆማል። የተጠቀጠቀ በረዶ ላይ 50 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። ግግር ላይ ወደ 100 ሜትር፣ ውሃ ያዘለ ግግር ላይ ወደ 200 ሜትር ይጠጋል። አሽከርካሪው አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ የምታልፈው 1 ሰከንድ ደግሞ በዚህ ፍጥነት ተጨማሪ 14 ሜትር ትበላለች። ስሌቱ የመኪናውን ክብደት አይጠይቅም። ክብደት ሲጨምር ጎማው መሬት የሚይዝበት ኃይልም፣ መቆም ያለበት ግስጋሴም እኩል ስለሚያድጉ ይጣፋሉ። «መኪናዬ ከባድ ስለሆነ መሬት ይይዛል» የሚለው አባባል በዚህ ምክንያት ለፍሬን አይሠራም።

የማቆሚያው ርቀት የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ነው። ግግር ላይ ፍጥነት ከ50 ወደ 30 ሲወርድ ርቀቱ ከ100 ሜትር ወደ 35 ሜትር ይወርዳል። ነገሩን ከሌላ አቅጣጫ ማየትም ይቻላል። ሁለት መኪኖች፣ አንዱ በ50፣ ሌላው በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ እኩል ቦታ ላይ ፍሬን ያዙ እንበል። በ50 ይሄድ የነበረው እንቅፋቱን ሊነካ ሲል ከቆመ፣ በ60 የነበረው እዚያችው ነጥብ ላይ ገና በሰዓት 33 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። የ10 ኪሎ ሜትር ልዩነት መጨረሻው ላይ የ33 ኪሎ ሜትር ግጭት ይሆናል ማለት ነው።

ኩርባም ያው ነው። 50 ሜትር ራዲየስ ያለው ኩርባ በደረቅ አስፋልት እስከ 67 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይታጠፋል። በተጠቀጠቀ በረዶ 36 ላይ፣ በግግር 25 ላይ መኪናው መስመሩን ለቆ መውጣት ይጀምራል።

ከፊት ካለው መኪና ጋር የሚተወው ክፍተት በሜትር ከሚለካ በሰከንድ ቢለካ ይሻላል፤ ፍጥነቱ ሲቀየር ርቀቱ አብሮ ይስተካከላልና። የፊተኛው መኪና አንድ ምሰሶ ወይም የመንገድ ምልክት ሲያልፍ መቁጠር ይጀመራል። በደረቅ መንገድ 2 ወይም 3 ሰከንድ በቂ ነው የሚባለው በበረዶ ከ8 እስከ 10 ይደርሳል። 8 ሰከንድ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 111 ሜትር ነው፤ ግግር ላይ ለመቆም ከሚያስፈልገው ርቀት ጋር የሚቀራረብ። ባዶ ክፍተት ያየ ሌላ መኪና መሐል ሲገባ ያናድዳል፤ መፍትሔው ነዳጅ ቀንሶ ክፍተቱን እንደገና መፍጠር ብቻ ነው።

ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ለምን ይብሳል?

ብርዱ በበረታ ቁጥር መንገዱ ይበልጥ ያዳልጣል ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው። ለግግር ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። የግግር የላይኛው ገጽ ከዜሮ በታችም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ጠጣር አይደለም፤ በጣም ስስ የሆነ ውሃ መሰል ሽፋን አለው። ሙቀቱ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ሽፋኑ ይወፍራል፣ ብርዱ ሲጠና ይሳሳል። ከዜሮ በታች 1 ዲግሪ ያለ ግግር ከዜሮ በታች 20 ካለው እጅግ ያዳልጣል። መኪናው በክብደቱ ተጭኖ ግግሩን ስለሚያቀልጠው ነው የሚለው አሮጌ ማብራሪያ በስሌት አይቆምም፤ የአንድ ጎማ ጫና የግግርን መቅለጫ ዝቅ የሚያደርገው በ0.02 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው።

ሰው የሚዘናጋው ታዲያ ቴርሞሜትሩ ከዜሮ ጥቂት ከፍ ሲል ነው። ዳሽቦርድ ላይ የሚነበበው የአየሩ ሙቀት ነው፤ መለኪያውም አብዛኛውን ጊዜ የፊት ፓራውልት አካባቢ ይቀመጣል። ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት አስፋልቱ ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከአየሩ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ዳሽቦርዱ 3 ዲግሪ እያለ መንገዱ ረግቶ ሊገኝ ይችላል። ብዙ መኪኖች 3 ወይም 4 ዲግሪ ላይ የበረዶ ቅንጣት ምልክት የሚያበሩት ለዚህ ነው።

ጥቁር ግግር የሚባለው የሚወለደው በእንዲህ ያለ ሰዓት ነው። በውስጡ አየር ስለሌለ ብርሃን ያሳልፋል፤ ከሥሩ ያለው አስፋልት ስለሚታይ እርጥብ መንገድ ብቻ ይመስላል። ድልድይ ከሌላው መንገድ ቀድሞ ይረጋል፤ ነፋሱ ከላይም ከታችም ያገኘዋል፣ ከሥሩ ሙቀት የሚሰጠው አፈርም የለም። ቀኑን ሙሉ ጥላ የማይለቀው ኩርባ፣ የወንዝ ዳር፣ ቀን የቀለጠ በረዶ አቋርጦት የሚፈስ መንገድ ከድልድይ ቀጥለው የሚጠረጠሩ ናቸው። በዓይን መለየት ቢያስቸግርም ምልክት ይሰጣል። መንገዱ እርጥብ መስሎ ሳለ የፊተኛው መኪና ጎማ ውሃ መርጨቱን ካቆመ ውሃው ረግቷል። የጎማው ድምፅ በድንገት ዝም ካለ፣ መሪውም ያለወትሮው ከቀለለ መኪናው ቀድሞውኑ ግግሩ ላይ ወጥቷል። እዚያ ላይ ፍሬን መርገጥም መሪ ማዞርም አይጠቅምም። መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ እግርን ከነዳጅ ላይ በዝግታ አንሥቶ ማለፍ ነው። ቁራጩ ብዙ ጊዜ ረጅም አይደለም።

ጎማ፦ ጣሪያውን የሚወስነው ዋናው ክፍል

አሽከርካሪው ሊለውጠው ከሚችለው ሁሉ ለውጥ የሚያመጣው ጎማ ነው። የበጋ ጎማ ላስቲክ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ገደማ ሲወርድ እየጠጠረ ይሄዳል። የጠጠረ ላስቲክ በመንገዱ ሻካራ ገጽ ውስጥ መስመጥ ስለማይችል ይንሸራተታል። የብርድ ጎማ ቅመሙ የተለየ ነው፤ በቅዝቃዜም ለስላሳነቱን ይዞ ይቆያል። ጥርሱ ላይ ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠሩ እንደ ምላጭ የቀጠኑ ስንጥቆች አሉት። እነዚህ ስንጥቆች ጎማው ሲጫን ይከፈቱና ጠርዛቸው በረዶውን ይነክሳል፤ ግግር ላይ ደግሞ ያቺን ስስ ውሃ ይመጥጣሉ። በጥርሱ መካከል የሚጠቀጠቀው በረዶም ጠቃሚ ነው። በረዶ ከበረዶ ጋር ይያያዛልና ጎማው ላይ የቀረው መንገድ ላይ ያለውን ይይዘዋል።

ሲገዙ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ምልክቱ ላይ ነው። «ኤም ፕላስ ኤስ» የሚለው ጽሑፍ ጭቃና በረዶ ማለት ሲሆን የሚያመለክተው የጥርሱን ቅርጽ ብቻ ነው፤ ጎማው በረዶ ላይ ስለመፈተኑ ምንም አይናገርም። ባለ 3 ጫፍ ተራራ ውስጥ የበረዶ ቅንጣት የተሳለበት ምልክት ግን ጎማው በረዶ ላይ ተፈትኖ የተወሰነ ደረጃ ማለፉን ያሳያል። ይህም ፈተና ቢሆን በረዶን እንጂ ግግርን አይመለከትም። የአውሮፓ ኅብረት በአውሮፓ አቆጣጠር ከግንቦት 2021 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የጎማ መግለጫ ላይ ለግግር ራሱን የቻለ ሌላ ምልክት የተጨመረው በዚሁ ምክንያት ነው።

የሁሉም ወቅት ጎማስ? እዚህ ላይ ሁለት ወገን አለ። በዓመት ሁለቴ መቀየርና ሁለተኛ ጎማ ማስቀመጥ የሚሰለቸው ሰው የተራራው ምልክት ያለውን የሁሉም ወቅት ጎማ ይመርጣል፤ በረዶ አልፎ አልፎ ብቻ በሚጥልበትና ቶሎ በሚጠረግበት አካባቢ ምርጫው ምክንያታዊ ነው። በረዶው ለሳምንታት ተጠቅጥቆ በሚከርምበት ቦታ ግን አይተካም፤ በሙቀትም በብርድም ለመሥራት የተቀመመ ላስቲክ በሁለቱም ጫፍ ከልዩው ያንሳል። የብርድ ጎማን ዓመቱን ሙሉ መንዳትም መፍትሔ አይደለም። በሙቀት ላስቲኩ ስለሚልም ቶሎ ያልቃል፣ የማቆሚያ ርቀቱም ይረዝማል።

ከግዢው በኋላ የሚፈጸመው ከባዱ ስሕተት ሞተሩ በሚያዞረው እግር ላይ ብቻ ሁለት የብርድ ጎማ ማሰር ነው። ሞተሩ የፊቱን በሚያዞረው መኪና ላይ እንዲህ ሲደረግ ፊቱ በደንብ ይይዛል፣ ኋላው አይይዝም፤ ኩርባ ውስጥ ፍሬን ሲነካ የኋላው እግር ቀድሞ ወጥቶ መኪናው ዞሮ ይቆማል። አራቱም አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። ከአራቱ ሁለቱ የተሻለ ጥርስ ካላቸው ወደ ኋላ ይሄዳሉ።

የጥርስ ጥልቀት በብዙ አገሮች በሕግ 1.6 ሚሊ ሜትር ከሆነ ይበቃል፤ ለበረዶ ግን ከ4 ሚሊ ሜትር በታች የወረደ ጎማ ሥራውን ጨርሷል ማለት ይቻላል። ዕድሜም ይታያል። በጎማው ጎን ላይ ካለው ረጅም ቁጥር የመጨረሻዎቹ 4 አሃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 3821 ማለት የ2021 38ኛ ሳምንት ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ላስቲኩ በዕድሜ ይጠጥራል።

ንፋሱን በተመለከተ፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲወርድ የጎማው ግፊት በ0.1 ባር ገደማ ይቀንሳል። በሞቃት ቀን ተሞልቶ ከዜሮ በታች 10 ላይ የሚነዳ ጎማ ንፋሱ ሳይወጣም ጎሎ ያድራል። የሚለካው መኪናው ከመንዳት ባረፈበት ጊዜ፣ በሩ ላይ በተለጠፈው መጠን ነው። ንፋስ መቀነስ በረዶ ላይ ይረዳል የሚለው ምክር አሸዋ ላይ ለተዋጠ መኪና የሚሰጠውን ከዚህ ጋር ያቀላቅላል።

ሰንሰለት የሚታሰረው ሞተሩ በሚያዞረው እግር ላይ ነው። ጥቂት ሜትሮች ከተሄደ በኋላ ወርዶ እንደገና ማጥበቅ ያስፈልጋል፤ አብዛኞቹ በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ አይፈቅዱም። አስፋልቱ ሲገለጥ ካልተፈታ ተበጥሶ የፍሬን ቱቦ ይመታል።

ፎር ባይ ፎርና ኤሌክትሮኒክሱ

ሞተሩ አራቱንም ጎማ የሚያዞረው መኪና በረዶ ላይ ይበልጣል የሚሉ ሰዎች አልተሳሳቱም፤ የሚበልጠው በመነሳትና ዳገት በመውጣት ነው። ፍሬን ግን በማንኛውም መኪና ላይ አራቱንም ጎማ ስለሚይዝ፣ በማቆም ረገድ ከሌላው የሚለየው ነገር የለም።

ቁጥሩ አደጋውን በግልጽ ያሳያል። የሰበቃው አሃዝ 0.1 የሆነ፣ ማለትም ጎማው ከተጫነው ክብደት 10 በመቶ ያህል ብቻ የሚይዝበት ግግር ያለበትን 8 በመቶ ዳገት እናስብ። ክብደቱ 60 በመቶ ያህሉ ፊት ላይ ያረፈ፣ የፊት እግሩ ብቻ የሚገፋ መኪና የሚወጣው እስከ 6 በመቶ ስለሆነ ግርጌው ላይ ይቀራል። ፎር ባይ ፎሩ ይወጣዋል። ሲመለስ ግን ከ10 በመቶው 8ቱን ቁልቁለቱ ስለሚበላ ለማቆም የሚተርፈው 2 በመቶ ብቻ ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ብቻ እየወረደ ለመቆም 177 ሜትር ያስፈልገዋል፤ ሜዳ ላይ 35 ይበቃው ነበር። ቁልቁለቱ 10 በመቶ ቢሆን ደግሞ ፍሬኑ ተይዞም አይቆምም። ደካማው መኪና እዚያ ባለመድረሱ ተርፏል።

ኤ.ቢ.ኤስ ፍሬን ሲያዝ ጎማው ተቆልፎ እንዳይጎተት የሚከላከል ሥርዓት ነው። በሰከንድ ብዙ ጊዜ ፍሬኑን እየለቀቀ መልሶ ይይዛል፤ ዓላማውም መሪው እንዲታዘዝ ማድረግ ነው። ፔዳሉ ከእግር በታች ሲንቀጠቀጥና ሲያንጎራጉር ደንግጦ እግርን ማንሣት የተለመደ ነው፤ ትክክለኛው ግን አጥብቆ እንደረገጡ መቆየትና መሪውን ወደ ክፍት ቦታ ማዞር ነው። ፍሬን እየመቱ መልቀቅ ኤ.ቢ.ኤስ ለሌለው መኪና የሚሆን ዘዴ ነው። ባልተጠቀጠቀ ወፍራም በረዶ ላይ ኤ.ቢ.ኤስ የማቆሚያውን ርቀት ሊያስረዝም ይችላል፤ የተቆለፈ ጎማ ከፊቱ በረዶ አከማችቶ ይታገዳል፣ የሚዞር ጎማ ግን ያንን ክምር አይሠራም። ይህን ምክንያት አድርገው ሥርዓቱን የሚነቅፉ አሉ። መሪው ከማይሠራ መኪና ይልቅ ትንሽ ርቆ የሚቆም ግን የሚታጠፍ መኪና ይሻላል የሚለው መልስ ሚዛን ይደፋል።

የመረጋጋት መቆጣጠሪያው ከዚህ ከፍ ይላል፤ መኪናው መሪው ካመለከተው አቅጣጫ ሲወጣ አንዱን ጎማ ብቻ ለይቶ ፍሬን ይይዛል። ብዙ ሰው አድኗል። ነገር ግን እሱም የሚሠራው ያለውን ሰበቃ በማከፋፈል ነው፤ 25 ኪሎ ሜትር የሚፈቅደውን ኩርባ በ50 ለገባ የሚያደርግለት ነገር የለም። አንድ ቦታ ላይ ማጥፋቱ ይጠቅማል፦ ወፍራም በረዶ ውስጥ የተዋጠን መኪና ወደፊትና ወደኋላ እያወዛወዙ ሲያወጡ። ጎማው በተሾረ ቁጥር ኮምፒውተሩ የሞተሩን ጉልበት ስለሚቀንስ መኪናው እዚያው ይቀራል።

ፍጥነትን ራሱ የሚጠብቀው ክሩዝ ኮንትሮል በበረዶ መጥፋት አለበት፤ ጎማ መያዝ ሲያቅተው አሽከርካሪው ሊቀንስ በሚፈልግበት ሰዓት እሱ ነዳጅ ይጨምራል። በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ደግሞ እግር ከነዳጅ ሲነሳ ሞተሩ ራሱ ይይዛል፤ ይህ አያያዝ ብዙ ጊዜ በፊት ወይም በኋላ ጎማዎች ላይ ብቻ ስለሚያርፍ ግግር ላይ ሊያንሸራትት ይችላል። ወደ ዝቅተኛው ደረጃ መቀነስ ይመከራል። በማንዋል ካምቢዮ በድንገት ማርሽ መቀነስም የሚያመጣው ችግር ተመሳሳይ ነው።

መኪናው ሲያመልጥ

ሰበቃ እንደ አንድ ደመወዝ ነው፤ ለፍሬን የወጣው ለመታጠፍ አይተርፍም። ደረቅ መንገድ ላይ ደመወዙ ሰፊ ስለሆነ ኩርባ ውስጥ እየታጠፉ ፍሬን መያዝ ይቻላል። ግግር ላይ አይቻልም። ስለዚህ ሥራዎቹ ይነጣጠላሉ፦ ፍሬኑ ከኩርባው በፊት፣ ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ያልቃል፤ ኩርባው ውስጥ መሪ ብቻ፤ ነዳጅ ሲወጡ።

የፊቱ ሲያመልጥ መሪው ተጠምዞም መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሰው ይበልጥ ይጠመዝዛል፤ ይህ ደግሞ ጎማውን ወደ ጎን እያሻገረ ጭራሽ እንዳይይዝ ያደርገዋል። መሪውን በተቃራኒው ትንሽ መመለስና እግርን ከነዳጅ ማንሣት ያስፈልጋል። ፍጥነቱ ጥቂት ሲወርድ ጎማው እንደገና ይይዛል። መሪውን ይዞ ያለምንም እንቅስቃሴ አንድ ሁለት ሰከንድ መታገሥ ከሁሉም የሚከብደው ክፍል ነው።

የኋላው ሲያመልጥ መኪናው ለመዞር ይጀምራል። ዓይን መሄድ ወደተፈለገበት ቦታ ይሄዳል፣ እጅም ይከተለዋል፤ የመኪናው ጭራ ወደ ቀኝ ከወጣ መሪው ወደ ቀኝ ይዞራል። እግር ከነዳጅ ይነሣል፣ ማንዋል ከሆነ ፍሪሲዮን ይረገጣል፣ ፍሬን አይነካም። ጭራው መመለስ ሲጀምር መሪው በፍጥነት ወደ መሐል ካልተመለሰ መኪናው በሌላው አቅጣጫ ከበፊቱ በበረታ ጉልበት ይወረወራል። ብዙውን ጊዜ ከመንገድ የሚያወጣው ይህ ሁለተኛው ውርወራ ነው።

ዳገት ላይ ከግርጌው ፍጥነት ይዞ፣ የፊተኛው መኪና ጫፍ እስኪደርስ ጠብቆ፣ መሐል ላይ ሳይቆሙ መውጣት ነው። ቁልቁለት ላይ ከመጀመርዎ በፊት ዝቅተኛ ማርሽ ይግባ።

ጨው፣ አሸዋና ወቀሳው

ጨው ግግርን የሚያቀልጠው ውሃው የሚረጋበትን ሙቀት ዝቅ በማድረግ ነው። 23 በመቶ ገደማ የገበታ ጨው ያለበት ውሃ እስከ ከዜሮ በታች 21 ዲግሪ ድረስ አይረጋም። መንገድ ላይ ግን ያን ያህል ጨው አይፈስስም፤ በተግባር ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ገደማ ሲሆን የጨው ሥራ በጣም ይዘገያል። ከዚያ በታች ካልሲየም ክሎራይድና ማግኒዥየም ክሎራይድ ይጨመራሉ፣ ወይም አሸዋ ይበተናል። አሸዋ አያቀልጥም፤ ገጹን ብቻ ያሻክራል።

ሦስት ነገሮች ከዚህ ይከተላሉ። ጨው ለመሥራት ጊዜ ስለሚፈልግ ጨው በታኙ መኪና አሁን ያለፈበት መንገድ ገና አስተማማኝ አይደለም። ቀን የቀለጠው በሌሊት ተበርዞ እንደገና ይረጋል። እና የጨው ውኃ በረዶው ከመጣሉ በፊት ቢረጭ በረዶው ከአስፋልቱ ጋር እንዳይጣበቅ ስለሚያደርግ በኋላ ከሚበተነው ያነሰ ጨው ይበቃል። የከተማ አስተዳደሮች የሚወቀሱበትን መዘግየት ሲመዝኑ ይህንን ማሰብ ይጠቅማል፤ ዝናብ ሆኖ ጀምሮ ወደ በረዶ የሚለወጥ ቀን ቀድሞ የተረጨውን አጥቦ ይወስደዋል።

ሌላው ወገን ጨው ይቀነስ ይላል። ክሎራይዱ ወደ ጅረትና ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይገባል፣ የድልድይ ብረት ያዝጋል፣ የመኪና ሥር ይበላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ክርክሩ ጠቃሚ የሚሆነው የት ላይ ይበተን ወደሚለው ጥያቄ ሲወርድ ነው፦ ድልድይ፣ ዳገት፣ መገናኛ።

ሕግ ያስገድድ?

አገሮች በሁለት መንገድ ሄደዋል። በካናዳ የኩቤክ ክፍለ ግዛት ከታኅሣሥ 1 እስከ መጋቢት 15 በአውሮፓ አቆጣጠር የብርድ ጎማ ግዴታ ነው፤ በረዶ ኖረም አልኖረም። ጀርመን ቀን አትቆርጥም፤ መንገዱ በረዶ ወይም ግግር ሲይዝ ጎማው ተገቢው መሆን አለበት፣ ከጥቅምት 1 ቀን 2024 ወዲህም የተራራው ምልክት የሌለው ጎማ አይቆጠርም። ስዊድን መሐል ላይ ናት፦ ከታኅሣሥ 1 እስከ መጋቢት 31 ባለው ጊዜ የመንገዱ ሁኔታ የብርድ ከሆነ ግዴታ ይሆናል፣ የጥርሱም ጥልቀት ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር። ኦስትሪያ 4 ሚሊ ሜትር ትጠይቃለች።

የቀን ገደብ ለፖሊስ ይቀላል፣ አሽከርካሪውንም አስቀድሞ ያዘጋጃል፤ ጉዳቱ ግን ከቀኑ ውጪ የሚጥል በረዶን አለማየቱ ነው። ሁኔታን መሠረት ያደረገው ሕግ ፍትሐዊ ይመስላል፤ ነገር ግን በረዶው የጣለ ጠዋት ጎማ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሰልፍ ይፈጥራል፣ ሰልፈኛውም እዚያ የደረሰው በበጋ ጎማ እየነዳ ነው። የመጀመሪያው ዓይነት የተሻለ ይመስላል።

ከመነሣት በፊት፣ መንገድ ላይም ከታገቱ

መስታወቱ ላይ ቀዳዳ ያህል ፍቆ መነሣት አይበቃም። የጣሪያው በረዶ ፍሬን ሲያዝ ወደፊት ተንሸራትቶ የፊቱን መስታወት ይሸፍናል፣ በፍጥነት ሲኬድ ደግሞ ወደ ኋለኛው መኪና ይወረወራል። የኤልኢዲ መብራት ስለማይግል በላዩ ያረፈውን በረዶ አያቀልጥም፤ በእጅ መጠረግ አለበት። ቀን ላይ በራሱ የሚበራው የፊት መብራት በብዙ መኪኖች የኋላውን አያበራም፤ በረዶ ሲጥል ዋናው አጭር መብራት መብራት ይኖርበታል። ረጅሙ መብራት ከበረዶው ቅንጣት እየተንፀባረቀ ዓይን ያወራል። በመስታወት ላይ ሙቅ ውሃ አይደፋም፤ ይሰነጠቃል። ከውስጥ የሚያርፈውን ጉም ለማጥፋት ማሞቂያውንና ኤር ኮንዲሽነሩን አንድ ላይ አብርቶ የውጭ አየር እንዲገባ ማድረግ ነው።

መኪና ውስጥ አካፋ፣ አንድ ከረጢት አሸዋ፣ ብርድ ልብስ፣ ጓንት፣ ባትሪ መብራት፣ የባትሪ ማስነሻ ገመድና ውሃ ይቀመጣል።

መንገድ ተዘግቶ ከታገቱ ከመኪናው ርቆ መሄድ አደገኛ ነው፤ በበረዶ ውሽንፍር ውስጥ ሰው አቅጣጫ ይስታል፣ ፈላጊዎችም ከሰው ይልቅ መኪና ቶሎ ያያሉ። ሞተሩን በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ያህል ብቻ ማስነሣት ሙቀትም ይሰጣል፣ ነዳጅም ይቆጥባል። ከማስነሣት በፊት ግን ሁልጊዜ የማርሚታው ጫፍ በአካፋ ይጠረጋል። ጫፉ በበረዶ ከታፈነ ጭሱ ከመኪናው ሥር ተከማችቶ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ በራስ ምታትና በእንቅልፍ ጀምሮ ይገድላል። ነፋስ በማይመታው ጎን መስኮት በጣት ስፋት መክፈት ይረዳል። የኤሌክትሪክ መኪና በረዶ ውስጥ ከታገተ ወዲያው ባትሪው አልቆ ሰው ይበርደዋል የሚለው ወሬ ግን ስሌቱን አይጠይቅም። 60 ኪሎዋት ሰዓት ይዞ ግማሽ የቀረው ባትሪ፣ ማሞቂያው በአማካይ 2 ኪሎዋት ቢወስድ 15 ሰዓት ያቆያል፤ የመቀመጫውን ማሞቂያ ብቻ ማብራት ደግሞ ከዚያም ያስረዝመዋል። ማርሚታ ስለሌለውም በጭስ አያሰጋም።